የካሚዮን አካላትና በአገራችን ያላቸው ታሪክ



በመሥሪያ ቤታችሁ ያለውን ዕቃ አንድ በአንድ ብትቈጥሩ፣ ከወረቀቱና ከማኅተሙ ቀለም ጀምሮ እስከ ወንበሩ ድረስ፣ በካሚዮን ተጭኖ ያልመጣ ነገር ለማግኘት ያስቸግራችኋል። የምትመገቡት ጤፍ፣ ቤታችሁ የተከደነበት ቆርቆሮ፣ ግድግዳው የተለሰነበት ሲሚንቶ፣ ልጆቻችሁ የሚማሩበት መጽሐፍ ሁሉ ረጅሙን መንገድ የተጓዘው በዚሁ ከባድ መኪና ጀርባ ላይ ነው። ነገር ግን ካሚዮኑን በምን ታውቁታላችሁ ተብለን ብንጠየቅ፣ ብዙዎቻችን የምናውቀው በታርጋው ቍጥርና በሊብሬው ብቻ ነው። የጥገናው ሒሳብ ሲቀርብልን እንፈርማለን፤ የመለዋወጫው ጨረታ ሲወጣም በኮሚቴ ተቀምጠን እንወስናለን። ሾፌሩ ‹‹ፍሪሲዮኑ አልቋል፤ ባሌስትራው ተሰብሯል›› ብሎ ሲያመለክት ግን፣ ፍሪሲዮን ምን እንደ ሆነ፣ ባሌስትራም ምን ሥራ እንዳለው ሳናውቅ ማመልከቻውን ‹‹ለሚመለከተው ክፍል›› ብለን እንመራዋለን።

ስለዚህ ዛሬ የካሚዮንን ዋና ዋና አካላት ከነታሪካቸው ለመግለጽ አስበናል። ዓላማችን አንባቢውን ሁሉ መካኒክ ለማድረግ አይደለም። ነገር ግን ስለ አንድ መሣሪያ የሚወስን ሰው መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ በመጠኑ ማወቅ ይገባዋል፤ ይልቁንም ያ መሣሪያ የሰው ነፍስ ተሸክሞ ገደል ለገደል የሚሄድ በሆነ ጊዜ አለማወቁ ከባድ ዋጋ ያስከፍላል።

ነገሩን ከአንድ የታወቀ ሥፍራ ለመጀመር ያህል ወደ ሐዋሳ እንሂድ። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የሚገኘው ጉዱማሌ፣ የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫውን ፊቼ ጨምበላላን ለማክበር የሚሰበሰብበት አደባባይ ነው። የበዓሉን ቀን አዋቂዎቹ ሽማግሌዎች ከዋክብትን ተመልክተው ያወጣሉ። በዓሉም በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። እንግዲህ በጉዱማሌ የሚከበረው በዓል እጅግ ጥንታዊ ሲሆን፣ ከጉዱማሌ ጀርባ የተዘረጋው ከተማ ግን ዕድሜው አጭር ነው። ሐዋሳ በከተማነት የተቈረቈረችው በ1952 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የምድር ባቡር ደርሶባት አያውቅም፤ ሐይቋም መውጫ የሌለው ስለ ሆነ በመርከብ ከሌላ አገር የሚመጣላት ዕቃ የለም። እንግዲያው የመጀመሪያው ቤት ከተሠራ ጀምሮ ምስማሩም፣ ብረቱም፣ መስታወቱም ወደ ከተማይቱ የገባው በመኪና ነው። የሲዳማ ቡና በጆንያ ሆኖ የሚወጣው በዚያው መንገድ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም የሚሰፋውን ልብስ ወደ ውጭ አገር ለመላክ ጕዞውን የሚጀምረው በካሚዮን ነው። ድሬዳዋን የባቡር ልጅ የምንላት ከሆነ፣ ሐዋሳን የካሚዮን ልጅ ብንላት ያለ አግባብ አይሆንም።

ይሁን እንጂ ካሚዮን ወደ አገራችን የገባው የልማት መሣሪያ ሆኖ አልነበረም። ይህንን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

ከመኪና በፊት የአገራችን ጭነት የሚጓጓዘው በበቅሎ፣ በአህያ፣ በግመልና በሰው ትከሻ ነበር። ነጋዴዎች በነጋድራስ እየተመሩ፣ በየኬላው ቀረጥ እየከፈሉ፣ ከአንድ አውራጃ ወደ ሌላው ለመድረስ ሳምንታትና ወራት ይፈጅባቸው ነበር። ክረምት ሲገባና ወንዝ ሲሞላ ጕዞው ጨርሶ ይቆማል። አንዲት በቅሎ አንድ ኩንታል ትሸከማለች ብለን ብንቈጥር፣ 60 ኩንታል የሚጭን አንድ መካከለኛ ካሚዮን የ60 በቅሎዎችን ሥራ ይሠራል ማለት ነው፤ ያውም ሣር ሳይበላ፣ ሌሊትም ሳያርፍ።

የመጀመሪያው ኦቶሞቢል አዲስ አበባ የደረሰው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከጅቡቲ ተነሥቶ ያመጣውም ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክም ለአዲስ ብልሃት ፍቅር የነበራቸው ንጉሥ ስለ ነበሩ ደስ ብሏቸው ተቀበሉት። ነገር ግን መኪና ያለ መንገድ፣ መርከብ ያለ ባሕር እንደ ማለት ነው። በ1909 ዓ.ም. ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ የውጭ ንግድ ተቃለለ እንጂ፣ ከሐዲዱ ቀኝና ግራ ያለው ሰፊ አገር ከበቅሎ ጕዞ አልተላቀቀም ነበር።

በውጭው ዓለም ግን ሌላ ነገር ተፈጥሮ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1896 ጎትሊብ ዳይምለር የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ የመጀመሪያውን በሞተር የሚሄድ የጭነት ጋሪ ሠርቶ ለገበያ አቀረበ። ሞተሩ የ4 ፈረስ ጉልበት ያህል ብቻ ነበረው፤ የሚጭነውም 15 ኩንታል ነበር። አንባቢ ልብ ይበል! ይህ ዓመት አባቶቻችን በዐድዋ ድል ያደረጉበት ዓመት ነው። በዐድዋ ጊዜ የኢጣልያ ጦር መድፉንና ስንቁን ያጓጓዘው በበቅሎ ነበር። ከ40 ዓመት በኋላ ቂሙን ይዞ ሲመለስ ግን በካሚዮን ተጭኖ መጣ።

በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የተነሣው ከ1,500 የሚበልጡ ተሽከርካሪዎች አሰልፎ ነው። ከነዚህም ውስጥ በኢጣልያ የተሠሩት ፊያትና ላንቻ ብቻ ሳይሆኑ፣ በአሜሪካ የተሠሩ ፎርድና ሸቭሮሌት የተባሉትም ነበሩበት። ይህ ሁሉ ብረት ጣርማ በር ዳገት ላይ ሲደርስ ግን መንገዱ በወገን እጅ ፈርሶ ቆየው። ዝናቡም ጨመረ። ወታደሮቹና ሠራተኞቹ መንገዱን እስኪጠግኑ ድረስ የታላቅ መንግሥት ጦር በጭቃ ላይ ቆሞ ዋለ፤ ቆሞም አደረ። ጣርማ በር ያን ጊዜ ያስተማረው ትምህርት እስከ ዛሬ ይሠራል። ካሚዮን የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን ለዳገት፣ ለቍልቍለትና ለጭቃ ይገዛል፤ ጥንካሬውም የሚለካው በሜዳ ሳይሆን በዚህ ዓይነቱ ሥፍራ ነው።

በአምስቱ የጠላት ዘመን በየመንገዱ የታወቀው ከባድ መኪና ፊያት 634 ነበር። በናፍጣ የሚሠራ፣ ስድስት ሲሊንደር ያለው፣ አፍንጫው ረጅም መኪና ሲሆን፣ የአገራችን ሰው ከቍጥሩ መጨረሻ ወስዶ ‹‹ትሬንታ ኳትሮ›› ብሎ ጠራው፤ ይኸውም በኢጣልያንኛ ሠላሳ አራት ማለት ነው። ነፃነታችን በ1933 ዓ.ም. ሲመለስ ጠላት ሄደ፤ ካሚዮኑና የካሚዮኑ ቋንቋ ግን ቀረ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ባሌስትራ፣ ጎማ፣ ካላማዳሪ፣ ቸርኬ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ኮፈን፣ ኩሽኔታ፣ ክሪክ፣ ሌላው ቀርቶ በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ የምንጽፈው ታርጋ ሳይቀር፣ የኢጣልያንኛ ቃሎች ናቸው። ሾፌርና ሻንሲ ደግሞ ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው። ከዋና ዋናዎቹ አካላት መካከል ጥንተ ስሙን በአማርኛ ይዞ የሚጠራው መሪው ነው።

አንዳንድ ሰዎች ይህን የቃል ብዛት እንደ ውርደት ይቈጥሩታል። እኛ ግን በሌላ ዐይን እንመለከተዋለን። ቃሎቹ የሚመሰክሩት የኢትዮጵያ ልጆች መሣሪያውን ፈርተው እንዳልሸሹ ነው። በየጋራዡ ዕቃ እያቀበሉ፣ በዘይት ተነክረው፣ ብሎን እየፈቱና እየገጠሙ፣ ትምህርት ቤት ሳይገቡ የጠላትን መሣሪያ ከነስሙ ማርከው የራሳቸው አደረጉት። ረዳት ሆኖ የጀመረው ልጅ ሾፌር ሆነ፤ ሾፌሩ የመኪና ባለቤት ሆነ። በየከተማው በር ላይ የተከፈተው የጎሚስታ ቤት የዚሁ ታሪክ ምስክር ነው።

ከዚያ በኋላ መንግሥት መንገዶቹን የሚጠብቅና የሚያስፋፋ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. አቋቋመ። ለዚህም ሥራ የዓለም ባንክ በዚያው ዓመት 5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር አበደረ፤ ባንኩ በአፍሪካ ምድር ካበደራቸው የመጀመሪያዎቹ ብድሮች አንዱ ይህ ነበር። በትሬንታ ኳትሮ እግር የተተካው ደግሞ ፊያት 682 ሲሆን፣ ሦስተኛው ዓይነቱ ‹‹ኤንትሬ›› በሚል ስም ከዳር እስከ ዳር የታወቀ ሆነ። ኤንትሬ አፍንጫ የለውም፤ ሞተሩ ከጋቢናው ጋር ስለ ተቀመጠ የሞተሩ ሙቀትና ድምፅ የሾፌሩ ጎረቤት ነው። በ1962 ዓ.ም. ደግሞ አምቼ የተባለው የመኪና መገጣጠሚያ ኩባንያ በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ዛሬ በየመንገዱ የምናያቸው የጃፓንና የቻይና ካሚዮኖች ስማቸውና መልካቸው ቢለያይም፣ ዋና ዋና አካሎቻቸው ከትሬንታ ኳትሮ አካላት በመሠረቱ አይለዩም። አሁን እንግዲህ እነዚህን አካላት በየተራ እንመልከት።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቀሰው ሻንሲ ነው። ሻንሲ ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጉ ሁለት ረጃጅም የብረት ምሰሶዎች፣ በመካከላቸውም እንደ መሰላል ደረጃ በተጋደሙ ብረቶች የተያያዙበት አካል ነው። ለሰው የጀርባ አጥንት እንደ ሆነ፣ ለካሚዮንም ሻንሲ እንደዚሁ ነው፤ ሌላው አካል ሁሉ የሚታሰረው በርሱ ላይ ነው። ሞተር ይለወጣል፤ ጋቢናም ይለወጣል፤ የመኪናውን ማንነት ይዞ የሚቀረው ግን ሻንሲው ነው። በሊብሬው ላይ የሻንሲ ቍጥር የሚጻፈውም ስለዚህ ነው። ከልኩ በላይ የተጫነ መኪና አንድ ቀን ላይሰበር ይችላል፤ ነገር ግን ሻንሲው በየጕዞው ጥቂት በጥቂት እየተሰነጠቀ ይሄዳል።

ሁለተኛው ሞተር ነው። የዛሬው ካሚዮን የሚሠራው በናፍጣ ሲሆን፣ ይህን ዓይነት ሞተር ያፈለሰፈው ሩዶልፍ ዲዝል የተባለ ጀርመናዊ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1893 የባለመብትነት ወረቀት ተቀበለ፤ በ1897 ደግሞ ሞተሩን ሠርቶ አሳየ። በጭነት መኪና ላይ የተገጠመው ግን ከ1923 ጀምሮ ነው። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚለኵሰው ካንዴላ በሚባለው የእሳት ብልጭታ ሰጪ ነው። የናፍጣ ሞተር ግን ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ አየርን ብቻ ስቦ አጥብቆ ያምቀዋል፤ የታመቀ አየር ደግሞ ይግላል። የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው መንፊያው በእጁ ሲሞቅ አይቶ ይህንን ያውቃል። አየሩ እሳት ለመሆን ሲቃረብ ፖምፓው ናፍጣውን እንደ ጉም አድቅቆ ይረጭበታል፤ ናፍጣውም ያለ ክብሪት ይቃጠላል። ቃጠሎው ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል፤ ፒስተኑም ክራንክ ሻፍት የተባለውን ጠማማ ዘንግ ያሽከረክረዋል። መሳብ፣ ማመቅ፣ መቃጠልና ጭሱን ማስወጣት፣ እነዚህ አራቱ የሞተር ትንፋሾች ናቸው።

በዚህ ላይ የአገራችን ከፍታ የራሱ ፈተና አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች፣ አየሩ በባሕር ዳር ካለው አየር ሩብ ለሚሆን ያህል የሳሳ ነው። አየር ያነሰው ሞተር ናፍጣውን አቃጥሎ ስለማይጨርስ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ጭሱም ይጠቍራል። የዛሬዎቹ ሞተሮች አየሩን በግድ የሚያስገባ ተርቦ ስላላቸው ችግሩ ተቃልሏል፤ ትሬንታ ኳትሮ ግን ያለዚህ ብልሃት ጣርማ በርን ይወጣ ነበር። ራዲያተሩም እንዲሁ ነው። ውኃ በባሕር ዳር የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ የድሮ ሾፌሮች ዳገት መካከል ቆመው በጄሪካን ውኃ መጨመራቸው ከስንፍና የመጣ ሳይሆን የተፈጥሮ ሕግ ያስገደዳቸው ነገር ነበር።

ሦስተኛው ፍሪሲዮን፣ አራተኛው ካምቢዮ ነው፤ ሁለቱ የማይነጣጠሉ ጎረቤታሞች ናቸው። ፍሪሲዮን በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለ፣ በጽኑ ሞላዎች ተጨፍልቆ የሚይዝ ሰሐን ነው። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ሰሐኑ ይለቅቃል፤ ሞተሩ ይዞራል፤ መኪናው ግን አይገፋም። በዚህች ጊዜ ማርሹ ይለወጣል። ሳያስፈልገው እግሩን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ የሚነዳ ሾፌር ፍሪሲዮኑን በወራት ውስጥ ይጨርሰዋል። እንግዲህ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ የፍሪሲዮን ግዢ የሚቀርብለት ኀላፊ፣ ጕድለቱ የዕቃው ነው ወይስ የአነዳዱ ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። ካምቢዮ ደግሞ ልዩ ልዩ መጠን ያላቸው ጥርሳም መዘውሮች የተሰበሰቡበት ሣጥን ነው። የካምቢዮ ምሥጢር ንግድ ነው ቢባል ይገባዋል፤ ፍጥነት ይሸጣል፣ ጉልበት ይገዛል። ሸክም የያዘ ሰው ሜዳ ላይ ሰፋ አድርጎ ይራመዳል፤ ዳገት ሲጀምር እርምጃውን ያሳጥራል። አንደኛ ማርሽ የካሚዮን አጭር እርምጃ ነው።

አምስተኛው፣ ከካምቢዮው የወጣው ረጅም ዘንግ ጉልበቱን የሚያስረክበው ዲፈረንሻል ነው። መኪና ጠመዝማዛ መንገድ ሲዞር በውጭ በኩል ያለው ጎማ ረጅም መንገድ፣ በውስጥ በኩል ያለው አጭር መንገድ ይሄዳል። ሁለቱ በአንድ ግትር ዘንግ ቢታሰሩ ኖሮ አንዱ ይጎተት፣ ዘንጉም ይሰበር ነበር። ፔኬር የተባለ ፈረንሳዊ ባለሙያ በአውሮፓውያን 1820ዎቹ ውስጥ ያፈለሰፈው የመዘውር ብልሃት ለሁለቱም እንደየፍላጎታቸው እንዲዞሩ ፈቀደላቸው። ይህ ደግነቱ ግን በክረምት ጉዳት አለው። አንደኛው ጎማ ጭቃ ውስጥ ሲገባ ጉልበቱ ሁሉ ወደዚያ ይሄድና በከንቱ ይሽከረከራል፤ በደረቅ መሬት ያለው ሌላው ጎማ ቆሞ ይመለከታል። ለዚህም ነው ብዙዎቹ ከባድ መኪናዎች ሁለቱን ጎማዎች ለጊዜው አስሮ የሚያስተባብር ማቈላለፊያ የተሠራላቸው።

ስድስተኛው ባሌስትራና ጎማ ናቸው። ባሌስትራ እንደ ቅጠል የተደራረቡ የብረት ሰሌዳዎች እስር ነው፤ ጭነቱን ይሸከማል፣ የጕድጓዱንም ምት ያበርዳል። ‹‹ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ›› የሚለው የአባቶች ተረት ስለ ባሌስትራ የተነገረ ይመስላል፤ እያንዳንዱ ቅጠል ትንሽ ይሸከማል፣ ሁሉም ተባብሮ ብዙ ይሸከማል። አንዱ ቅጠል በተሰበረ ጊዜ ግን ሸክሙ በቀሩት ላይ ስለሚወድቅ፣ ሁለተኛው ለመሰበር ጊዜ አይፈጅም። ጎማን በተመለከተ፣ በአየር የሚነፋውን ጎማ ለአገልግሎት ያበቃው በአውሮፓውያን 1888 ደንሎፕ የተባለው የእንስሳት ሐኪም ነው። ብዙ ሰው ጭነቱን የሚሸከመው ላስቲኩ ይመስለዋል። እውነቱ ግን የሚሸከመው በውስጡ የታመቀው አየር ነው፤ ላስቲኩ የአየሩ ከረጢት ነው። ስለዚህ አየሩ የጐደለ ጎማ ምንም አዲስ ቢሆን እየታጠፈና እየጋለ ሄዶ ይፈነዳል።

ሰባተኛውና የመጨረሻው፣ ነገሩን ሁሉ የምናሳርግበት፣ ፍሬን ነው። መሪ መኪናውን ወደሚፈለገው አቅጣጫ ያዞረዋል፤ ፍሬን ግን የሾፌሩን፣ የረዳቱንና የመንገደኛውን ነፍስ ይጠብቃል። በካሚዮን ላይ ያለው ፍሬን በአየር የሚሠራ ነው። ይህን ሐሳብ ዌስቲንግሐውስ የተባለው አሜሪካዊ በአውሮፓውያን 1869 ለባቡር አስቦት፣ ኋላ ለከባድ መኪና ተላለፈ። በሞተሩ የሚንቀሳቀስ መጭመቂያ አየሩን በጋን ውስጥ ያጠራቅማል፤ ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ አየሩ ሄዶ የፍሬኑን ሸራ ከጎማው ጋር በሚዞረው ከበሮ ላይ ይጫነዋል። ሸራውና ከበሮው ይፋተጋሉ፤ የመኪናውም ሩጫ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህች የመጨረሻዋ ቃል የነገሩ ሁሉ ቍልፍ ናት። ፍሬን ሩጫን አያጠፋም፤ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል እንጂ።

ይህን በምሳሌ ለማስረዳት ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን መንገድ እንውሰድ። መንገዱ ከ1,300 ሜትር በላይ ቍልቍል ይወርዳል። ክብደቱ ከነጭነቱ 200 ኩንታል የሆነ ካሚዮን ይህንን ሲወርድ የሚፈጠረው ሙቀት ሁሉ ቢሰበሰብ፣ ከ700 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል። እንግዲህ ሾፌሩ ናፍጣ ለመቆጠብ ሲል ማርሹን አውጥቶ፣ እነርሱ ‹‹ፎሌ›› በሚሉት ባዶ ማርሽ ቢወርድ፣ ይህ ሁሉ ሙቀት በጥቂት ሸራዎች ላይ ይወድቃል። ሸራው ይግላል፣ ያጨሳል፣ መያዝም ያቅተዋል፤ ከበሮውም በሙቀት ሰፍቶ ከሸራው ይርቃል። ያን ጊዜ ፔዳሉ ቢረገጥ መልስ የለውም። በማግሥቱ በወሬ የምንሰማው ‹‹ፍሬን በጠሰ›› የሚል ነው።

የበጠሰ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የለም። ፍሬኑ የሚችለውን ሠርቶ፣ ከሚችለው በላይ ተጠይቆ ነው የከዳው። ዐዋቂ ሾፌር ቍልቍለቱን ሳይጀምር ዳገት በሚወጣበት ዝቅተኛ ማርሽ ይገባል። በዚህ ጊዜ ጎማዎቹ ሞተሩን በግድ ያሽከረክሩታል፤ ሞተሩም እየተቃወመ መኪናውን ይይዘዋል፤ የፍሬኑ ሸራም ቀዝቅዞ ለጭንቅ ጊዜ ይቈያል። አንባቢ እዚህ ላይ እንዲያስተውልልን የምንለምነው፣ አካሎቹ እርስ በርስ መተሳሰራቸውን ነው። በቍልቍለት ላይ ሞተሩ፣ ፍሪሲዮኑ፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ሁሉ ፍሬን ይሆናሉ። ፍሪሲዮኑ የተበላሸ መኪና ዳገት አይወጣም ብቻ ሳይሆን፣ ቍልቍለትንም በደኅና ላይወርድ ይችላል። ስለዚህ ‹‹ፍሬኑ ደኅና ስለ ሆነ የፍሪሲዮኑ ጥገና ለሚመጣው በጀት ይተላለፍ›› ብሎ የሚጽፍ እጅ፣ ምን እንደ ጻፈ ያላወቀ እጅ ነው።

በፊት የነበሩት ረዳቶች በእጃቸው የእንጨት ታኮ ይዘው፣ ዳገት ላይ መኪናው ሲደክም ከላይ ዘለው ወርደው ከኋላ ጎማ ሥር ይወሽቁት ነበር። ይህች ቍራጭ እንጨት ስንቱን ነፍስ እንዳተረፈች የሚቈጥር አልተገኘም። ዛሬ የአየር ግፊቱ ሲጐድል በሞላ ኃይል ራሱን የሚይዝ ፍሬን ስለ ተሠራ የታኮ ሥራ ቀንሷል። ቢሆንም የረዳቱ ትጋት የሾመው ሕግ፣ ማለትም ከአደጋው መቅደም፣ ዛሬም አልተሻረም።

ካሚዮንን አለማወቅ የሚያስከትለው ጥፋት በገደል ብቻ የሚቆም አይደለም። በ1977 ዓ.ም. በአገራችን በደረሰው ታላቅ ረሃብ፣ ከውጭ የመጣው እህል ወደብ ላይ ሲከማች፣ የተራበው ወገን ደግሞ በሰሜን ደጋ ላይ ይጠብቅ ነበር። በመካከላቸው የነበረው ክፍተት የካሚዮን፣ የጎማና የመለዋወጫ እጥረት ጭምር ነበር። ስለዚህ በአንድ ጋራዥ በር ላይ ኩሽኔታ አጥቶ የቆመ መኪና በዐይናችን ብረት ብቻ ሊመስለን አይገባም፤ አንድ ቦታ የሚጠበቅ እህል፣ መድኃኒት ወይም ዘር ነው።

እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎች፣ ከዚህ ሁሉ የምንወስደው ትምህርት ምንድን ነው? የካሚዮንን ዕውቀት ለሰባ ዓመታትና ከዚያም በላይ ተሸክሞ የቈየው ሾፌሩ፣ ረዳቱና መካኒኩ ናቸው። ብዕር የያዝነው እኛ ግን የነርሱን ቋንቋ ሳንማር ስለ መሣሪያቸው እንወስናለን። በሚቀጥለው ጊዜ የጥገና ማመልከቻ ሲቀርብላችሁ ሾፌሩን ጥሩና አስቀምጡት። የትኛው አካል እንደ ታመመ፣ ከየትኛው ጋር እንደ ተያያዘ፣ በየትኛው ቍልቍለት ላይ እንደሚያሰጋው ጠይቁት። ጭነቱ ከተፈቀደው በላይ መሆን አለመሆኑን፣ ሸራው መቼ እንደ ተለወጠ፣ ጎማው በልኩ መነፋቱን በመዝገብ አስጽፉ። አባቶች ‹‹ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ›› ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

በጉዱማሌ አጠገብ ያደገችው ከተማ በካሚዮን ጀርባ ላይ እንደ ተሠራች ተናግረናል። ሌሎቹም የአገራችን ከተሞች አብዛኞቹ እንዲሁ ናቸው። መሣሪያው በጠላት እጅ ቢመጣም፣ በኢትዮጵያውያን እጅ ለልማት ውሏል። የቀረው ነገር ቢኖር በጋራዥ ያለው ዕውቀት ወደ ቢሮም እንዲገባ ማድረግ ነው። ይህ የሆነ እንደ ሆነ፣ በወረቀት ላይ የምናኖራት ፊርማ ለአንድ ሾፌር ወደ ቤቱ የመመለሻ ዋስትና ትሆናለች።